ከሾላው ሥር የተደበቀው ማህተም

ክልል ከሆንን ገና ዓመት ከምናምን ነበር። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ቢሮ ሞልቷል፤ ወንበር ግን የለም። እኔ በጸሐፊነት በተቀጠርኩበት ቢሮ ለሦስት ኃላፊዎች አንድ ጠረጴዛ ነበር፣ ማልዶ የደረሰ ይቀመጥበታል። የቀበሌ ማህተምማ አይነሳ። ተቀርጾ እስኪመጣ ታገሱ እየተባለ አንድ ክረምት አለፈ፤ ያለ ማህተም ደግሞ በዚህ አገር ወረቀት ወረቀት አይደለም።

በዚህ መሃል አንድ ፈረንጅ ባለሙያ ጨዋታ ይዞልን መጣ። ድሮ ቡና በበቅሎ ተጭኖ ከጎሬ ወደ ባሮ ወደብ ይወርድበት በነበረው መንገድ ዳር ትናንሽ ሳጥኖች እንደብቃለን። በየሳጥኑ አንድ የጎማ ማህተምና አንድ ደብተር ይገባል። ቱሪስቱ በእግሩ እየሄደ፣ የተነገረውን ምልክት እየተከተለ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ማህተሙን በራሱ ደብተር ላይ ይመታል፣ ስሙን በሳጥኑ ደብተር ይጽፋል፣ ሳጥኑን መልሶ ይደብቃል። በቃ፣ ጨዋታው ይኸው ነው።

አለቃችን ሁለቴ አስተረጎሙት። "ማህተም ደብቀን ሰው እንዲፈልገው?" አሉ። ፈረንጁ በደስታ ራሱን ነቀነቀ። እሳቸውም ለሪፖርት የሚሆን ነገር ሲያገኙ አያመነቱምና እዚያው አጸደቁት። ሕዝቡ አጥቶ የሚንከራተትበትን ነገር መሬት ውስጥ እንድቀብር የተመደብኩት እኔ ነኝ። የሰፋሪ ገበሬ ልጅ ስለሆንኩ መቆፈር ታውቃለች ተብሎ መሆን አለበት።

ከወራት በኋላ "ስንት ቱሪስት እንደመጣ አይተሽ ነይ" ተባልኩ። ምን ቱሪስት አለ፣ ደብተሮቹን የጎበኛቸው ምስጥ ነው። አንድ መንደር አጠገብ ከሾላ ሥር በቀበርኩት ሳጥን ውስጥ ግን ደብተሩ አለ፣ ማህተሙ የለም። የቀበሌው ሊቀመንበር ቤት ሄድኩ። የአገሩ ተወላጅ ናቸው፣ ረጋ ያሉ፣ አማርኛን በልክ የሚናገሩ። ማህተሙን በመሐረብ እንደተጠቀለለ ከሸሚዝ ኪሳቸው አወጡት።

"መንግሥት ላከልን" አሉኝ። "ዛፍ ሥር አስቀመጣችሁ፣ እኛ አገኘን። በጣም እናመሰግናለን።"

ሳቄን በግድ ዋጥኩት። መርከብ በተሳለባት በዚያች ማህተም ጋብቻ ጸድቋል፣ መሸኛ ተጽፏል፣ የተጣሉ ታርቀው ቃለ ጉባኤ ተፈርሟል። የትም ቢሮ "ይቺ ምንድን ናት?" ያላቸው የለም። ክብ ከሆነችና ቀለሟ ከደመቀ ማን ያነባታል። የቱሪስት ጨዋታ ማህተም ስለሆነች ይዣት መመለስ እንዳለብኝ ነገርኳቸው።

ደጃፉ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር። አንድ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለተኛውም ሞራ እየሸፈነው ነው። ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ደጋ ወዳለ ሆስፒታል ለአንድ ሳምንት ብቻ መጥተዋል። የነፃ ሕክምና ወረቀቷ ተጽፎ አልቋል፣ የቀራት ማህተም ነው። ሊቀመንበሩ የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈቱ።

"ይቺን ልምታላት፣ ከዚያ ውሰጂው እህቴ።"

"አይቻልም" አልኩ። ሕግ አዋቂ ሆንኩላችኋ! ሐሰተኛ ሰነድ፣ ተጠያቂነት፣ የመንግሥት አሠራር፤ ከአለቃዬ የቃረምኩትን ሁሉ አዘነብኩባቸው። እውነቱን ልናገር፣ የፈራሁት ለእንጀራዬ ነው። ማህተሙን ከእጃቸው ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሴትየዋ አማርኛ አትሰማም። ማህተሙ ወደ እኔ መዞሩን ብቻ አይታ ወረቀቷን በሁለት እጇ ዘርግታ ያዘችልኝ፤ የምመታላት እኔ መስዬአት ነው። ሊቀመንበሩ በቋንቋቸው ነገሯት። ወረቀቱን አጠፈችው።

ወረቀቱን እንዲሁ ያለ ማህተም ይዛ እንደሄደች፣ ከሆስፒታሉ በር እንደመለሷት በኋላ ሰማሁ። ሐኪሞቹም ሳምንታቸው አለቀና ሄዱ። በወሩ የቀበሌው ማህተም ደረሰ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አለቃችን "የመንግሥትን ንብረት ያስመለሰች" ብለው የምስጋና ደብዳቤ ጻፉልኝ። ነደደኝ፤ ደብዳቤውን ግን ተቀበልኩት፣ ፋይሌ ውስጥ ገባ።

በዓመቱ ሳጥኖቹን እንድሰበስብ ተላክሁና በዚያው መንደር አለፍኩ። ያቺን ሴት አንዲት ጎረቤቷ ክንዷን ይዛ ወደ ወንዙ ትመራታለች። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ልብሷ ልብሴን ነክቶ አለፈ። እንደማታየኝ እያወቅሁ ፊቴን አዞርኩ።