ሰባቱ ካህናትና ያልተቆረጠው ማር

አርፌ መቀመጥ አልሆነልኝም። ቦንጋ መሥሪያ ቤት ስውል ወንበሩ ይቆረቁረኛል፤ ቤት ስገባ እንጎራደዳለሁ። አምና ይህ አመሌ የባሰበት በጀመርኩት ልብ ወለድ የተነሳ ነው። የትም የሌለ፣ ጫካ ውስጥ የሚኖር ጎሳ ፈጠርኩ፤ አርባ አባወራ። የዝናብ፣ የንብ፣ የበሽታ እያልኩ ሰባት ካህናት ሾምኩለት። ስሾም ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን አንድ ጥያቄ ነዘነዘኝ፤ እነዚህ የማያርሱ ሰባት ሰዎች ምን ይበላሉ? አንዱን ስሽር ታሪኩ ይፈርሳል፤ ስመልሰው ጎሳው ይራባል።

የምጠይቀው ሰው ነበረኝ፤ ዋጫ አጠገብ የሚኖሩት የእናቴ ወንድም። በመንደራቸው ማር ሲደርስ የመጀመሪያውን የማር እንጀራ ጫካው ውስጥ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር አስቀምጠው የሚመርቁ እሳቸው ናቸው። ሳይመረቅ ማንም ቀፎውን አይነካም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ሄድኩ። አጎቴ ያበጠ ጉልበታቸውን ዘርግተው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ፣ አንድ መንደር እንደ እርስዎ ያለ ስንት ሰው መቀለብ ይችላል አልኳቸው። ሳቁ። ማንም እንደማይቀልባቸው፣ እንሰታቸውን ራሳቸው እንደሚተክሉ ነገሩኝ።

«የሚከብደው የኔ ሆድ አይደለም» አሉ። «ሰው ማሩ ደርሶ እኔን መጠበቁ ነው። ሰባት ብንሆን ሰባት ጊዜ ይጠበቃል፤ ያኔ ማሩን ንቡ ራሱ ይጨርሰዋል።»

ደስ አለኝ፤ ለመጽሐፌ መልስ አገኘሁ። ተነስቼ ልሄድ ስል ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየመጡ አጥሩ ሥር መቀመጣቸውን አየሁ። ለካ በአጎቴ ጉልበት ምክንያት የዚያ ዓመት ማር አልተመረቀም። ምርቃቱን ይወርሳል የተባለው ልጃቸው ፕሮቴስታንት ሆኖ ሰባኪ ወጥቶታል፤ ከእሱ ጋር የሄዱት ማራቸውን ቆርጠዋል። የቀሩት ግን ዝናቡ እየገባባቸው ይጠብቃሉ።

«የእህቴ ልጅ ነህ፤ ዛሬ ማሩን አንተ ወስደህ መርቅልኝ» አሉኝ።

እኔ ማርያምን የማነግስ ሰው ነኝ። ፈራሁ። መኪና ያመልጠኛል ብዬ ሰዓቴን አየሁ። እዚያ ዳር የተቀመጠች አንዲት ጎረቤት ግን ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ተነሳሁ፤ ጎረቤቶቹም ተከተሉኝ። ዛፉ ሥር የማሩን እንጀራ በቅጠል ላይ አኖርኩ፤ ምርቃቱን በካፊኖኖ ጀምሬ ቃሉ ሲጠፋኝ በአማርኛ ጨረስኩት። ማንም አልሳቀብኝም። ሁሉም አሜን አሉ። ሴትዮዋ ከማሩ ቆርሳ አቀመሰችኝ፤ እጄን ሳልታጠብ ወደ መኪናው ሮጥኩ።

ቦንጋ እንደገባሁ ስድስቱን ካህናት ሻርኳቸው። የቀረው አንዱ ግን ቁጭ በል ብለውም እምቢ አለኝ፤ ዓመቱን ሙሉ በጎሳው ዙሪያ እንዳስዞረኝ ነው።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ያቺ ጎረቤት ናት። አጎቴ ከአልጋ መውረድ እንዳቃታቸው፣ ማሩም እንደ ደረሰ ነገረችኝ። ሥራ ስለ በዛብኝ እዘገይ ይሆናል፣ እኔን ባትጠብቁ ይሻላል አልኳት። ቅር አላላትም።

«ግድ የለም» አለች፤ «ማንም አልነካውም።»