ከአባቴ አልጋ አጠገብ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት አባቴን ደም ግፊት ጣለውና ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለ። እናቴ ቀደም ብላ ስለሞተች እኔ ዩኒቨርሲቲውን አቋርጬ ነፋስ ስልክ ወዳለው ቤታችን ተመለስኩ። ማን ያስታምመው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ሥራ ባይኖረውም ጠዋት ወጥቶ አመሻሽ ላይ ይገባል። እኔ አባቴን አገላብጣለሁ፣ አበላለሁ፣ ፖፖውን እደፋለሁ። ርቄ ሄድኩ ቢባል እስከ ወፍጮ ቤት ነው።

ብስራተ ገብርኤል የምትኖር የክፍሌ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ደብተር ታመጣልኝ ነበር። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ስገለብጥ አባቴ፣

«ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ጣራ ማየት ሰልችቶኛል» አለኝ።

ሶሲዮሎጂ የሚለው ቃል ግማሹ ከላቲን፣ ግማሹ ከግሪክ የመጣ መሆኑን፣ የፊተኛው ባልንጀራ ማለት እንደሆነ አነበብኩለት።

«የባልንጀራ ትምህርት በይዋ!» አለ በተሳሰረ አንደበቱ። «ማን አመጣው?»

ፈረንሳይ ንጉሧን ጥላ ስትናወጥ፣ ገበሬው መሬቱን ትቶ ወደ ፋብሪካ ሲጎርፍ፣ ሰውን አብሮ የሚያኖረው ምንድን ነው ብለው የተጨነቁ ሰዎች እንደጀመሩት ነገርኩት።

«ለእኛም ጊዜው ነው» አለ።

አንድ ቅዳሜ ያነበብኩት ገጽ ማንም ሳያዝዘን ስለሚያስገድደን ነገር ነበር። እምቢ ለማለት እስክንሞክር ድረስ ክብደቱ አይታወቀንም ይላል። ደብተሩን አጠፍኩት።

«ምን ሆንሽ?»

«አባዬ፣ እዚህ እንድቀር የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም ለምን እኔ ብዬ አልጠየቅኩም።»

ከአፌ እንደወጣ አፈርኩ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አስቀየምኩት ብዬ ስብሰለሰል ዋልኩ። ወንድሜ ሲገባ ግን ጠራው።

«ከሰኞ ጀምሮ የምታስታምመኝ አንተ ነህ።»

«እሷ እያለች? ጎረቤት ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል።»

ወንድሜ ሦስት ሳምንት ሞከረ። ሰው እንዳያየው ፖፖውን በጋዜጣ ሸፍኖ ነበር የሚያወጣው። ከዚያ ፉሪ የጥበቃ ሥራ አገኘሁ ብሎ እዚያው ቤት ተከራየ።

«ሴት ልጅ ተቀምጣ ወንዱን ከቤት ታስወጡታላችሁ?» አለችኝ ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆማ። ገብቼ የአባቴን ሾርባ አሞቅሁ። እሱም ያን ቀን አንብቢልኝ አላለም።

እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ኖርን። ሲሞት ከልቤ አለቀስኩ፤ በአርባው ማግስት ግን ትከሻዬ ቀሎኝ ተነሳሁ። ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ትምህርቴን ልቀጥል ዩኒቨርሲቲ ስሄድ መዝጋቢው ፋይሌን እያገላበጠ፣

«ለምን አቋረጥሽ?» አለኝ።

«አባቴ ታሞ።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ራሱን ነቀነቀና ማኅተሙን መታልኝ። ሌላ ምንም መጠየቅ አላስፈለገውም።