የጋሼ ሞሃን መገንጠያ

ልጅ እያለሁ የጭነት ባቡር እፈራ ነበር። ከአገራችን ርቀን አቮንዴል እስቴትስ በምትባል ከተማ የተከራየናት ቤት ለሐዲዱ ቅርብ ስለነበረች፣ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር የመደርደሪያው ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጫሉ። እማዬ ዲኬተር ሆስፒታል ውስጥ ስለምትሠራ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚጠብቁኝ ጎረቤታችን ጋሼ ሞሃን ነበሩ። ሕንዳዊ ናቸው፤ "ጋሼ" እንድላቸው ያስለመደችኝ እማዬ ናት። እሳቸው ግን የሹመት ስም መስሏቸው በጣም ይኮሩበት ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን የአንድ ቦታ ታሪክ ከትልቅ ሰው ጠይቀን እንድንጽፍ፣ ዓርብ ደግሞ የነገረንን ሰው ክፍል ይዘን እንድንመጣ አዘዘችን። ጋሼ ሞሃን የሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በሕንድ ገጠር፣ ሁለት ሐዲዶች በሚገናኙበት መገንጠያ ላይ ባቡሮችን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው በማሸጋገር ነው። ከሙን ከሙን በሚሸት ኩሽናቸው ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ነገሩኝ። መጀመሪያ የነበረው አንድ ሐዲድና የእንፋሎት ባቡሮች ውሃ የሚሞሉበት ጉድጓድ ብቻ ነው። ከዚያ ሸንኮራ አገዳ የሚጭን ሁለተኛ ሐዲድ መጣ፤ ገበያ ቆመ፤ መንደር ሆነ። በኋላ የአገዳው ሐዲድ ተነቀለና ባቡሮቹ ሳይቆሙ ማለፍ ጀመሩ።

"ይኼን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ የገዛ ልጄ እንኳ" አሉኝ።

"ዓርብ ክፍላችን ይመጣሉ?" አልኳቸው። ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። ክው አልኩ። እኛ ቤት ራስ ከተወዘወዘ እምቢ ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው መጨቅጨቅ ደግሞ ነውር ነው። በእሳቸው ፈንታ እንድትመጣልኝ እማዬን ብለምናት "ደብል ሺፍት ነኝ የኔ ቆንጆ፣ ኦፍ አይሰጡኝም" አለችኝ። ሐሙስ ለአስተማሪዬ "የእኔ ሰው አይመጡም" አልኳት፤ ስማቸውን ከእንግዶቹ ዝርዝር ሰረዘችው። ዓርብ ሁሉም እንግዳውን ይዞ ገባ። እኔ ወረቀቴን ብቻዬን አነበብኩ።

ስንለቀቅ በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ አየኋቸው። የድሮ የሥራ ኮታቸውን ተኩሰው ለብሰዋል። ጠዋት መጥተው፣ በትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ስምዎ ዝርዝሩ ላይ የለም ተብለው፣ ቀኑን ሙሉ እዚያው ተቀምጠው ኖሯል።

"እመጣለሁ ብዬሽ አልነበር?" አሉና ያንኑ ራሳቸውን ወዘወዙ። ለካ በእሳቸው አገር እሺ ማለት ነው!

"ጸሐፊዋ ስሜን ረስታው ነው አይደል?" ሲሉኝ፣ እንደኛ ወግ አየር ወደ ውስጥ ስቤ "እ" አልኩ። አዎ ማለቴ ነበር፤ ውሸቴን። እሳቸው ግን ሳግ መሰላቸውና "አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ" እያሉ ጀርባዬን ደባበሱኝ።

በዚያው ክረምት ልጃቸው ቴክሳስ ወሰዳቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ማረፋቸውን ሰማን። ያኔ ይቆጡኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። አሁን አድጌ ሳስበው፣ ብነግራቸው ይስቁ ነበር እንጂ አይቆጡም ነበር። ዛሬ ጥፋቴን ለማንም ደፍሬ እናገራለሁ። ጋሼ ሞሃን ግን የማያውቋት አንዲት ጸሐፊ እንደረሳቻቸው አምነው ሞቱ።