አገርዎ የት ነው?

በዚያ ክረምት ሥራዬ ነጥብ መትከል ነበር። መቀሌ ውስጥ ባለ አንድ የጤና ቢሮ፣ ከየሕክምና ጣቢያው የሚመጣውን የበሽተኛ ዝርዝር እቀበልና ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ትልቅ ካርታ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንዲት ቀይ ነጥብ አደርጋለሁ። ዝርዝሩ ስም የለውም፤ ዕድሜ፣ ፆታ፣ አድራሻ ብቻ ነው። በሽታው ኮሌራ ነው። እኛ ቢሮ ግን ስሙ አይጠራም፤ «አተት» ነው የምንለው፣ ስሙን ብናቆላምጠው የሚራራልን ይመስል።

ነጥቦቹ በየሳምንቱ በዙ። አንዱ ምሥራቅ፣ አንዱ ምዕራብ፣ አንዱ መኪና የማይወጣው ተራራ ላይ። ከተማችን ግን ንጹሕ ነበረች ማለት ይቻላል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እዚያው መቀሌ፣ ሓድነት የሚባለው ሰፈር ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ስኳርም አለባት፤ እንዲህ ያለውን በሽታ የምትችል ሴት አይደለችም። ማታ ስገባ «አደይ፣ እኛ ጋ የለም» እላታለሁ። እሷም ተመስገን ትላለች።

ከዩኒቨርሲቲው ሊያግዘን የመጣ አንድ የደብረ ማርቆስ ሰው አብሮን ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ካርታው ፊት ብዙ ቆመና፣ በሽታ ወንዝ ወይ አውቶቡስ ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ይሄ ግን ይዘላል፣ አልወደድኩትም አለኝ። ደሜ ፈላ። ከደብረ ማርቆስ መጥቶ አገሬን ሊያስተምረኝ ነው ብዬ በሆዴ አሰብኩ፤ በአፌ የተናገርኩትም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ሰውየው ሻዩን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ግን ካርታውን ባየሁ ቁጥር ቃሉ ትዝ ይለኝ ጀመር።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ አዲስ ዝርዝር መጣ። ሦስተኛው መስመር ሴት፣ ስድሳ ሰባት ዓመት ይላል፤ አድራሻው እናቴ የተወለደችባት ትንሽ መንደር ነው። ምስኪን፣ የአደይ እኩያ ናት አልኩና ነጥቧን አደረግሁ። ምስኪን አልኩ እኮ! እንዲያውም አደይ የመንደሩን ሰው ሁሉ ስለምታውቅ፣ ማን ልትሆን ትችላለች ብዬ ልጠይቃት ስልክ ደወልኩ።

ያነሳችው ጎረቤታችን ናት። አደይ እኔ ከወጣሁ በኋላ መቆም አቅቷት በባጃጅ ወደ ሕክምና ጣቢያው ወስደዋታል፤ ስልኳን ቤት ረስታው ነው። ልጄን ሥራ ላይ አታስደንግጧት ብላ ለምናቸዋለች። ጠዋት ስወጣ ተሸፋፍና ነበር፤ ብርድ ነው አለችኝ፤ እኔም አምኜ ሄድኩ።

ሮጬ ሄጄ የሕክምና ጣቢያው ድንኳን ውስጥ አገኘኋት። በሁለቱም እጇ የፈሳሽ መርፌ ተሰክቶላታል፤ ዓይኗ ጎድጉዷል። ፈራሁ። ከሁለት ቀን በኋላ እንደምትሞትብኝ ያኔ አላውቅም ነበር፤ ግን ፈራሁ፤ ፍርሃቴንም የበሽተኛ አድራሻ የሚጽፈው መዝጋቢ ላይ ተወጣሁት። አርባ ዓመት መቀሌ የኖረችን ሴት ለምን የገጠር አድራሻ ትጽፍባታለህ ብዬ ጮኽኩበት።

«አገርዎ የት ነው አልኳቸው፤ ነገሩኝ» አለኝ።

እኛ ጋ ሰው አገርህ የት ነው ሲባል የተከራየውን ቤት አይናገርም፤ እትብቱ የተቀበረበትን ነው የሚናገረው። አደይ የሓድነት ሰው ነኝ ብላ አታውቅም። ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣውማ፣ ሌላ ምን ቀርቶት ምን ይበል?

አጠገቧ የተኛውን ሰውዬ ከየት ነህ ሳይሆን ባለፈው ሳምንት የት አደርክ ብዬ ጠየቅሁት። በዝርዝሩ የምዕራብ ሰው ነው። ሓድነት አለኝ። ከእሱ ቀጥሎ ያለችው፣ የተራራዋ፣ እሷም ሓድነት። ውሃ ከየት እንደሚቀዱ ጠየቅኳቸው። ማክሰኞና ሐሙስ በየመንገዱ እየዞረ የሚሸጠው ቦቴ አሉኝ። እኛም ከሱ ነው የምንገዛው። ሹፌሩ ከተማው የሚጠጣው ንጹሑ የዓይናለም ጉድጓድ ውሃ ነው ብሎ ይምላል፤ ከየት እንደሚቀዳው ግን ያየ ሰው የለም። እስከ አምስተኛው አልጋ መሄድ አላስፈለገኝም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ እኔ ሁለት ወር ሙሉ ሳማስል ከረምኩ።

ወጥቼ ለጎረቤታችን ደወልኩ። የቦቴውን ውሃ እንዳትጠጡ፣ ለመንገዱ ሰው ሁሉ ንገሪ አልኳት።

«ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው» አለችኝ። «ቦቴው መጥቶ ሄዷል፤ ሁላችንም ቀድተናል፤ ልጆቼም ጠጥተዋል። የእናትሽንም ጀሪካን፣ ስትመለስ እንዳትቸገር ብዬ ሞልቼ በራችሁ ላይ አስቀምጬላታለሁ።»