የሐረር አፈር

ባሌ ቀጥቃጭ ነበር፤ እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ። ቤታችን ከአንኮበር በታች፣ መንገዱ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል በሚወርድበት ጥግ ላይ ነበረች። አገሩ ሁሉ በባሌ ማረሻ ያርሳል፣ በእኔ ድስት ወጡን ይሠራል፤ እኛ ስናልፍ ግን ሕፃኑን በነጠላ ይሸፍናል። ቡዳ ናቸው ይሉናል። ሰው ይበላሉ ብሎ የሚፈራን ሰው እንዴት በእኔ ድስት እንደሚበላ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ባሌ መሄድን ያሰበው የጎረቤት ልጅ ታሞ የእሱ ስም በተነሣ ጊዜ ነው። ልጁ ዳነ እንጂ ምን ይውጠን እንደነበር እንጃ። በዚያው ሰሞን ከአልዩ አምባ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ወደ ቤታችን መጡ። እስላም ናቸው፤ ባሌ የሚሠራውን ቢላዋ እየገዙ ሐረር ይወስዱ ነበር። ያን ጊዜ ሐረር ሌላ አገር ነው፣ ገዥውም ሌላ።

«ወላሂ፣ እዚያ ዘርህን የሚጠይቅህ የለም፤ የሚያዩት ቢላዋህን ነው» አሉት። «ከፈቀዳችሁ ከሲራራ ነጋዴዎቹ ጋር እኔው አደርሳችኋለሁ።»

ባሌ ብዙ ቀን አሰበ። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ማን ይቀብረናል? በማናውቀው ቋንቋ ከማን ጋር እናወራለን? በመጨረሻ ነገሩን በእኔ ላይ ጣለው።

«ብረት የትም ብረት ነው። ያንቺ ሥራ ግን ከአፈሩ ጋር ነው። እኔ ብታመም የምንኖረው በሸክላሽ ነውና፣ አፈሩ ከሆነልሽ እንሄዳለን፤ ካልሆነልሽ እንቀራለን» አለኝ።

ነጋዴውን አፈር እንዲያመጡልን ለመናቸው። ሽማግሌው ሳቁ፤ በዕድሜያቸው ጨው እንጂ አፈር ጭነው አያውቁም። ቢሆንም ከወራት በኋላ፣ የዚያ አገር ሴቶች ሸክላ ከሚሠሩበት ጉድጓድ የተቆፈረ አንድ ስልቻ አፈር አመጡልኝ።

እናቴ እንዳስተማረችኝ አደረግሁ። የተሰበረ ሸክላ ወቅጬ፣ ነፍቼ፣ በእሷ ልክ ከአፈሩ ጋር አቦካሁ። ሦስት ትንንሽ ማሰሮ ሠርቼ ጥላ ውስጥ አደረቅኋቸው፤ ከዚያ በኩበት አቃጠልኋቸው። ባሌ ወናፉን ትቶ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ከአመዱ ሳወጣቸው ሦስቱም ከአፋቸው እስከ ቂጣቸው ተሰንጥቀዋል።

አልዋሽም፤ ደስ አለኝ። የእናቴ መቃብር እዚህ ነው፤ አፈር የምቆፍርበትንም ጉድጓድ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ በሐረር መንገድ ያለው በረሃ ደግሞ ያስፈራኝ ነበር። ደስታዬን እንዳያይብኝ ፊቴን ወደ አመዱ አዞርሁ። እሱ ያለቀስሁ መስሎት፣ «አፈሩ እምቢ አለ እንጂ አንቺ ምን ታደርጊ» አለኝ። በዚያው ቀረን።

ዓመት ሳይሞላ የዚያው ጎረቤት ሌላ ልጅ ሞተ። ከቀብር ሲመለሱ ሰዎቹ በቀጥታ እኛ ቤት መጡ። ጮህሁ፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ የሰማኝ የለም። የባሌን ቀኝ ክንድ በዱላ ሰበሩት። ወጌሻው አሰረለት፤ ነገር ግን ጠሞ ገጠመ፤ ከዚያ ወዲህ መዶሻ አያነሣም። ዳኛ ዘንድ ሄጄ አቤት አልሁ። ምስክር አምጪ አለኝ። ያን ሁሉ ሰው ያየ አንድ ሰው ጠፋ።

ከክረምት በኋላ ነጋዴው ተመልሰው መጡ። ስለ ክንዱ አልሰሙም ነበር። ለእኔ ብለው ከሐረር አንድ ማሰሮ ይዘዋል፤ ስስ ነው፣ ስንጥቅ የሚባል የለበትም።

«የዚህም አፈር ያኔ ያመጣሁልሽ ከወጣበት ጉድጓድ ነው» አሉ። «ሴቶቹን ጠየቅኋቸው። የተወቀጠ ሸክላ አይስማማውም፤ አሸዋ ነው የሚቀላቅሉበት።»

«ታዲያ አባቴ፣ ያን ጊዜ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«እኔ የሸክላ ነገር ምን አውቃለሁ፣ ልጄ? ባለሙያዋ አንቺ ነሽ ብዬ ነው» አሉና ዓይናቸው በባሌ ክንድ ላይ አረፈ።

ባሌ ማሰሮውን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። በግራ እጁ ጣት መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር።

«ደኅና አፈር ነው» አለ። ፊቴን አየና ደግሞ፣ «ተይ፣ አንቺ በምን ታውቂ» አለኝ።

ያን ቀን አመዱ አጠገብ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልነገርሁትም። እስኪሞት ድረስ ሲያጽናናኝ ኖረ።