ለከዲጃ ወገብ የሚሆን መኪና፦ ከሞጣ ቢቸና ደርሶ መልስ

ሞጣ፣ ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

በራችን ላይ የቆመው መኪና የእኛ አይደለም። እኛ ስቴሽን የምንለው፣ ልጆቹ ኤስዩቪ የሚሉት፣ ባለ አምስት በር ዝግ መኪና ነው። ባለቤቱ አገር ለቆ ለመሄድ የተነሳ የሰፈራችን ሰው ሲሆን፣ አንድ ቀን ሙሉ ሞክሩትና ከወደዳችሁት ትገዙታላችሁ ብሎ ከነሹፌሩ ሰጥቶናል። እንዲህ ያለ ደግ ሻጭ ሲገጥመኝ ጎማውን ደግሜ አያለሁ። ጎማው ደህና ነው።

ሌላው መኪና ቢቸና ነው ያለው፤ ደብል ጋቢና ፒካፕ። በስቴሽኑ ወደ ቢቸና ሄደን በፒካፑ ወደ ሞጣ እንመለሳለን፤ ማታ ከሁለቱ አንዱን እንገዛለን። ሠላሳ ዓመት እህል ነግጃለሁ። ጤፍ በጥርሴ እለያለሁ፣ በቆሎ በጥፍሬ። መኪና ግን የሚለየው በወገብ ነው፤ ያውም በእኔ ሳይሆን በባለቤቴ በከዲጃ ወገብ።

ከዲጃ ካንሰር ከያዛት ዓመት አልፏል። በየሃያ አንድ ቀኑ ባሕር ዳር ሄዳ መድኃኒቱን በደም ሥሯ ትወስዳለች። በሽታው ወገቧን ከያዘው ወዲህ መቀመጥ አትችልም። ባለፈው በሚኒባስ የሦስት ሰው ወንበር ይዘን፣ እግሯን ጭኔ ላይ አድርጋ ሄድን። ስንመለስ ሁለት ቀን ሙሉ አልተናገረችም። ከዲጃን ሁለት ቀን ዝም ያሰኘ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን መጋዘኔን ለሽያጭ አቀረብኩ።

የኋላውን ወንበር አጥፈን ፍራሽ አነጠፍንና አስተኛናት። በሩ አልዘጋ አለ፤ እግሯ ተርፏል። ሹፌሩ አበጀ በሩን ደግሞ ሊገፋ ሲል ያዝኩት።

«ሳታገባኝ በፊት ነበር መለካት» አለች ከዲጃ።

አገዳድመን አስተኛናትና በሩ ተዘጋ። ከተማው ገና አልነቃም፤ በሩን ከፍቶ የሚጠብቀን የዳቦ ቤቱ ሽታ ብቻ ነው።

ከሞጣ ወደ ደብረ ወርቅ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ኅዳር ነው። ጤፉ ነጥቷል፤ አንዳንዱ ማሳ ታጭዶ ተከምሯል፣ አንዳንዱ የሚያጭደው አጥቶ ወደ መሬት ተኝቷል። በስተቀኝ ጮቄ ደመና ተከናንቧል። መንገዱ ደህና ሲመስል ይቆረጣል፣ ተቆረጠ ስንል ደህና ይሆናል። ስቴሽኑ ይህን ሁሉ እንዳላየ ያልፋል። እውነቱን ልናገር፤ እንዲህ ለስላሳ መኪና ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ጉድጓዱን የማውቀው ባየሁት እንጂ በተሰማኝ አይደለም።

ነገር ግን ከዲጃ ያጥወለውላታል። ጭንቅላቷ ያለበት የኋላ መስታወት ደግሞ ከመጀመሪያውም የማይከፈት ሆኖ ነው የተሠራው። ሦስት ጊዜ ቆመን፣ ሦስት ጊዜ የኋላውን በር ከፍተን ላስቲክ ያዝንላት። በአራተኛው አልደረስንም። አበጀ ከሣር ጋር የተጠቀለለ ጨርቅ አምጥቶ ጠረገ። የሰው መኪና ነው፤ እኔ ስለ ምንጣፉ ማሰቤን አልደብቅም።

አንድ ቦታ ገመድ ተወጥሯል። ወርደን ተፈተሽን። አንዱ ታጣቂ የኋላውን በር ከፈተ፤ ከዲጃን አየና በሩን እንደ ቤት በር ቀስ አድርጎ ዘጋው። ገመዱ ወረደ።

ራቅ ካልን በኋላ አበጀ ምርጫውን በአጭሩ አስረዳኝ።

«ስቴሽን ካዩ የሚፈልጉት ሰውየውን ነው፣ ጋሼ። ፒካፕ ካዩ መኪናውን። እንግዲህ ምን ቢወሰድብዎ እንደሚሻል እርስዎ ያውቃሉ።»

እነማን እንደሆኑ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩ። ዘንድሮ ሰውን መንገድ የሚያስኬደው ነዳጅ ብቻ አይደለም፤ ያልተጠየቀ ጥያቄም ነው።

ከዲጃ ከኋላ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ሰውየውን ይውሰዱት» አለች። «በሳምንቱ መልሰው ያመጡታል።»

ቢቸና፣ አምስት ሰዓት

የፒካፑ ባለቤት ጋሽ ይርጋ ይባላሉ። የመሪጌታ ልጅ ናቸው፤ እሳቸው ግን በልጅነታቸው ከቅኔ ቤት ጠፍተው ሹፌር ሆኑ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሰው ሲሆኑ፣ ሲናገሩ መኪናውን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ ሊሸጡት ያሰቡትን በሬ እንደሚያሻሹ ገበሬዎች።

ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ፤ ዘይት አያፈስም። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ። ከሥር ተኝቼ የባሌስትራውን ንብርብር ብረቶች ቆጠርኩ፤ አንዱ ተለውጧል፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው። ታዲያ ለምን ይሸጡታል አልኳቸው። ሻጭ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለው፤ ልጄን ልድር ነው፣ ቤት ልሠራ ነው ይላል። ጋሽ ይርጋ ግን ትንሽ አሰቡ።

ፒካፕ ያለው ሰው ስልኩን አያጠፋም አሉኝ። ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ይደወልላቸዋል። ከደረጃ የወደቀ ሲኖር ይደወልላቸዋል። ሆስፒታል የሞተውን አገሩ ለማስገባትም የሚደወለው ለእሳቸው ነው። ዝግ መኪና ያለው ሰው መቀመጫዬ ይበላሻል ቢል ይታመናል፤ ክፍት መኪና ያለው ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

«በዚህ ሁለት ዓመት ጤፍ ከጫንኩበት ሬሳ የጫንኩበት ይበልጣል» አሉ። «መኪናው አልደከመም። የደከምኩት እኔ ነኝ።»

እንዲህ እውነቱን የሚናገር ሻጭ ወይ ሞኝ ነው ወይ በጣም የደከመ። ሞኝ አይመስሉም።

ዕለቱ ረቡዕ በመሆኑ አንድ ነገር ተመቸን። ጋሽ ይርጋና አበጀ ይጾማሉ፤ እኛ እስላሞች በክርስቲያን ቤት ሥጋ አንበላም። ስለዚህ ሥጋ የሌለበት አንድ ትሪ በያይነቱ ቀርቦ አራታችንም እኩል ተሰለፍንበት። ከዲጃ በጎኗ ተኝታ ሁለት ጉርሻ ክክ ወጥ በላች። ሁለት ጉርሻ ለእሷ ድግስ ነው።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ይርጋ ባዶ ፒካፕ እንደ በቅሎ እንደሚራገጥ ነገሩን። ባሌስትራው የሚለዝበው ክብደት ሲያገኝ ነው፤ ስለዚህ ከሥር ስድስት ኩንታል ጤፍ ቢጫን፣ ፍራሹ በላዩ ቢነጠፍ፣ ታማሚዋ ብዙም አትናጥም አሉ። እንዲያውም ሬሳ ሲጭኑም እንደዚሁ ያደርጉ ነበር ሊሉ ጀምረው ተዉት።

ጤፉን የገዛችው ከዲጃ ናት። ፒካፑ ወደ አንድ የእህል መጋዘን በር ተጠግቶ፣ እሷ እንደተኛች፣ ወጣቱ ነጋዴ ጭብጥ ጭብጥ እያደረገ ያቀርብላታል። ሁለቱን መለሰች፣ ሦስተኛውን ቀመሰች። ልጁ አዘነላት፤ እግዜር ይማርዎት እናቴ አላት።

«ምሕረቱን ከፈጣሪ እጠብቃለሁ» አለችው፣ «ካንተ የምፈልገው ቅናሹን ነው።»

ቀነሰላት።

ከደብረ ወርቅ ወዲህ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ጋሽ ይርጋ ይነዳሉ። እኔና ከዲጃ ከኋላ በጤፉ ላይ ነን፤ እሷ ተኝታ በነጭ ጋቢ ተሸፍናለች፣ እኔ ጎኗ ተቀምጬ የፍራሹን ጫፍ ይዣለሁ። አበጀ ባዶውን ስቴሽን ይዞ ከኋላችን ይከተላል። ከዲጃ ከጠዋቱ ይልቅ ፊቷ ተመልሷል። ነፋስ አለ፣ ሰማይ አለ፤ ማስመለስ ቢመጣም አንገቷን ማዘንበል ብቻ ነው። ድንጋዩ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጤፉ ቢኖርም ይቆጠራል። እኔ ከእጇ አጨባበጥ አውቃለሁ።

ቀስ ብለን ስለምንሄድ አቧራው ይቀድመናል። አንድ መንደር ስንደርስ መንገድ ዳር ሰው ቆሟል፤ ወንዶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። መኪናችንን ሲያዩ ባርኔጣ የደፉት አወለቁ፣ የተቀመጡት ተነሱ። ከዚያ አንዲት ሴት ዋይታ ጀመረች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ጋሽ ይርጋ ሊያልፉ ቢሞክሩም ሰዉ መንገዱን ሞላው። አንድ ሽማግሌ የመኪናውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባራቸውን አስደገፉ።

ያኔ ነው የገባኝ። ከሆስፒታል የሚመጣ ሬሳ ሊቀበሉ የወጡ ናቸው። ቀስ የሚል ፒካፕ፣ ከኋላው ነጭ ጋቢ፣ ጎኑ የተቀመጠ ፊቱ የጠቆረ ወንድ፣ ከዚያም የሚከተል የቤተ ዘመድ መኪና። እኔም ብሆን እነሳ ነበር።

ከዲጃ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች።

«እኔ ገና ነኝ እናቶቼ» አለች። «የእናንተው ከኋላ ይሆናል።»

ዋይታው ተቆረጠ። የጀመረችው ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ከዚያ ተጠግታ የከዲጃን እግር በጋቢው ላይ ሳመች፣ እድሜ ይስጥሽ እያለች ይቅርታ ለመነች። ከዲጃ አሚን አለቻትና ማን እንደሞተባት ጠየቀቻት። ወንድሟ ነው። ከዲጃ ስሙን ጠይቃ አላህ ያጽናሽ አለቻት፤ መንገዱም ተከፈተልን።

ከመንደሩ ወጥተን ጋሽ ይርጋ ከአንድ ዋርካ ሥር አቆሙ። ይህን መኪና በዚህ መንገድ የማያውቀው የለም፤ ቀስ ብሎ ሲመጣ ሰው ይነሳል አሉ። ይቅርታ ጠየቁን፤ ማንም ሳይጠይቃቸው ዋጋውን ቀነሱ። ከዚያ ከአበጀ ጋር ውኃ ሊቀዱ ወደ ምንጩ ወረዱ።

እዚያው፣ ዋርካው ሥር

ሁለታችን ብቻ ቀረን። እኔ ስቴሽኑን ልገዛ ወስኛለሁ፤ ከሰዉ ዋይታ በኋላ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። መስታወቱን ባለሙያ ይቆርጠዋል፣ ይከፈታል አልኳት። እሷ ቅርንጫፉን ታያለች።

«በዚህ መኪና ስንት ጊዜ የምመላለስ ይመስልሃል?» አለችኝ።

«ሐኪሙ ስለዚህ ምንም አላለም።»

«ሐኪሙን መቼ ጠየቅኩ? አንተን ነው።»

«አምስት ዓመት» አልኩ።

«ውረድ።»

«ሦስት።»

«ውረድ። ካንተ ጋር ስንት ዓመት ገበያ ወጣሁ? የመጀመሪያ ዋጋህን አላውቀውም?»

«ሁለት።»

«ውረድ» አለች።

ከዚያ በታች አልወረድኩም። ገበያ ላይ ዝም ያለ ሰው ወይ ተስማምቷል ወይ ሊሄድ ነው። እኔ የምሄድበት አልነበረኝም። እሷም አልገፋችኝም፤ እጇን አውጥታ ከሥሯ ያለውን ጆንያ መታ መታ አደረገች።

«እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ያለውን አስብ» አለች። «ስቴሽኑ በር ላይ ቆሞ ያስለቅስሃል። ይኸኛው ጤፍ ያመጣልሃል። ልጆቹ ገና ትምህርት ላይ ናቸው፤ መጋዘኑንም ሸጠሃል። ስም የወጣበት ዕቃ ርካሽ ነው፤ ሞጣ ላይ ደግሞ ስሙን የሚያውቅ የለም።»

«ድንጋዩስ? ወገብሽስ?»

«ወገቤ ያልቃል» አለች። «መኪናው ይቀራል።»

በመኪና ምርጫ ጉዳይ ምክር የምትጠይቁኝ ወዳጆቼ፣ ለስላሳው ስቴሽኑ ነው፤ ለታማሚም፣ ለልጅም፣ ለሽማግሌም እሱ ይሻላል። የሚሠራው ፒካፑ ነው። ይህን ለማወቅ ቢቸና ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። እኔ የሄድኩት ሌላ መልስ አገኛለሁ ብዬ ነው።

ሞጣ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል

አበጀ ስቴሽኑን ለባለቤቱ ሊመልስ ሄደ፤ ምንጣፉን ቢቸና ላይ አሳጥቦታል። ሦስት ጎረቤቶች ለእማኝነት ተጠሩ። ጋሽ ይርጋ ዛሬ እኛ ዘንድ ያድራሉ፤ ነገ አብረን ውል ቢሮ ሄደን እናስመዘግባለን። ለዛሬ የእጅ ውል ይበቃል። የቅኔ ቤቱ ነገር በእጃቸው ጽሕፈት ላይ ቀርቷል፤ ፊደሉ ተሰልፎ የቆመ ይመስላል።

ሻጭ ብለው ስማቸውን ጻፉ። ገዢ ማን ልበል አሉ።

ከዲጃ ከፍራሿ ላይ ሆና የእሱን ብቻ ጻፉ አለች። የእሷ ስም ከገባ፣ በኋላ ወራሽ ማጣራት ይመጣል፣ ቀጠሮ ይመጣል፣ መኪናው በር ላይ ታስሮ ይከርማል። ይህን የምትናገረው ስለ ሌላ ሰው ጉዳይ እንደምትመክር ሁሉ ረጋ ብላ ነው። ጎረቤቶቹ ምንጣፉን ያያሉ።

ትክክል ናት። ሃያ ስምንት ዓመት በንግድ ነገር ተሳስታ አላየኋትም። መኪናውም እንዳለችው ፒካፑ ሆኗል።

«ገዢ፣ ከዲጃ በሉ» አልኩ ጋሽ ይርጋን። «የእሷን ብቻ።»

«አመመህ እንዴ? ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ስትዞር ልትኖር ነው።»

«እዞራለሁ።»

«ኪሳራ ነው አንተ ሰው።»

«አውቃለሁ» አልኩ። «ከዚህ አልወርድም።»

ጋሽ ይርጋ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ በላይ ይዘው እሷን ጠበቁ። ከዲጃ የማይረባ ዋጋ ሳትከራከር ስታልፍ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ከነአያቴ ስም ጻፉት» አለቻቸው።

ጻፉት። ወረቀቱን በትሪ ላይ አድርገው አቀረቡላት። እንደተንጋለለች ልትፈርም ሞከረች፤ እስክሪብቶ ግን ሽቅብ ተይዞ አይጽፍም፤ ሁለት ጊዜ ጭሮ ተወ። እኔ ልይዝላት እጄን ስዘረጋ መለሰችው። ከዚያ በሚያማት ጎኗ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ቀስ በቀስ ወደ ወረቀቱ መዞር ጀመረች። ከአምስታችን ቶሎ በይ ያላት የለም።