ለሙከራ የመጣችው ካሜራ

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ መዝገብ ብቻ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ «አትንቀሳቀሱ» ይለዋል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሠራተኛ መታወቂያ ፎቶ ሲያነሣ ከአፉ የማይጠፋው ቃል ይኸው ስለነበር ቅጽል ስም ሆኖ ቀረ። እሱም አይከፋበትም። የሚከፋው ሥራውን የማያውቅ ሰው ሥራውን ሲያስተምረው ነው።

ያን ሳምንት ታዲያ ሲበግን ሰነበተ። ነባሩ ካሜራ አገልግሎ አገልግሎ አንድ ቀን ጭጭ አለ። በምትኩ ዕቃ ግዢው፣ ጢሙ ገና በወጉ ያልበቀለ ምላሱ ግን ቀድሞ የደረሰ ልጅ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ብርማ ዲጂታል ካሜራ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረጋት።

«ጋሼ፣ እስቲ ይዩዋት! ዋጋዋ ርካሽ፣ መልኳ ቆንጆ። አሥራ ስድስት ሜጋፒክስል ናት፤ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል።»

«ሳጥኑ ነው ፎቶ የሚያነሣው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ለሙከራ እኮ ነው የመጣችው። ይፈትኗትና ቅጹን ይሙሉ። ካልሆነች ዓርብ እንመልሳታለን። ዓርብ ካለፈ ግን ባለሱቁ አይቀበለንም፤ እስከ ጡረታዎ አብረው መሆንዎ ነው።»

ቅጹን ሲያየው ደግሞ ባሰበት። ድሮ ለወንበርና ለጠረጴዛ መረከቢያ የተዘጋጀ ነው። «እግሩ ይወላገዳል?» ይላል አንደኛው ጥያቄ። «ሲቀመጡበት ድምፅ ያሰማል?» ይላል ሁለተኛው። ከሥር በደማቅ ፊደል፣ በሙከራው ጊዜ በዕቃው የተሠራ ሥራ ሁሉ አንድም ሳይቀር ከቅጹ ጋር እንዲያያዝ ያዛል። ለፈታኙ አስተያየት የተተወችው አንዲት መስመር ናት።

አትንቀሳቀሱ እንደ ልማዱ ፈተናውን ከልቡ ያዘው። ረቡዕና ሐሙስ ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስቀመጠ አነሣ። ጉዷ የወጣው ወዲያው ነው። ቁልፏን ሲጫኗት መጀመሪያ ታስባለች። የምታስበውን እግዜር ይወቀው፤ አስባ ስትጨርስ ግን ሰውየው ዓይኑን ጨፍኗል ወይም ሊነሣ አንድ እግሩን አንሥቷል። በፍላሽ ሲያነሣባት ፊቱ ሁሉ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ፍላሹን ሲያጠፋባት ደግሞ የግድግዳውን ንጣት አይታ ትደነግጥና ሰውየውን ታጨልመዋለች። በጀርባዋ ባለችው ትንሽ ማሳያ ላይ ሁሉም ያምራል፤ በወረቀት ሲታተም ነው ነገሩ የሚበላሸው። አሥራ አንድ ፎቶ አነሣ፣ አሥራ አንዱም አንዱ ከአንዱ የማይሻሉ ሆኑ። እሱም ወረቀቶቹን ደርድሮ ሲያያቸው፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ አለው። ዓርብ ትሸኛለች።

ከአሥራ አንዱ ሁለቱ የደረጃ ጽዳት ሠራተኛዋ ፎቶዎች ነበሩ። ዓርብ ረፋድ ላይ ሦስተኛ ጊዜ መጣች። አምስት ፎቅ ወጥታ ነው የመጣችው፤ ገብታ እስክትቀመጥ ቀኝ ጉልበቷን በእጇ እንደያዘች ነበር።

«መለሱት» አለች።

«ደግሞ ምን ብለው?»

«የረቡዑን ፊት የለውም አሉ። የትናንቱን ደግሞ፣ ፊት አለው ግን የማን እንደሆነ አይታወቅም አሉ።»

የጡረታ ፋይሏ ከዚች ፎቶ በቀር የጎደለው ነገር አልነበረም። ፎቶው በመሥሪያ ቤቱ ካሜራ የተነሣ፣ ማኅተም ያረፈበት መሆን አለበት፤ የጡረታ ክፍሉ የውጭ ፎቶ ቤት ሥራ አይቀበልም። ፋይሎቹ የሚላኩት በየሦስት ወሩ ሲሆን የዛሬው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል። ካመለጣት ሦስት ወር ሙሉ አምስቱን ፎቅ በዚያ ጉልበት እየወጣች መወልወሏ ነው።

«ተወው፣ ምን ታደርገዋለህ» አለች። «ሠላሳ ዓመት የወጣሁትን ሦስት ወር አያቅተኝም።»

ይህን ስትል ነው የተናደደው። በእሷ አይደለም። በካሜራዋም፣ በልጁም፣ ወንበር በሚጠይቀው ቅጽም፣ በራሱም ተናደደ። ምክንያቱም ካሜራዋን ማታለያ መንገድ እንዳለ ከረቡዕ ጀምሮ ያውቃል። ያልሞከረው ሆን ብሎ ነው፤ የተጠየቀው ካሜራዋን እንዲፈትን እንጂ እንዲሸፍንላት አይደለም። አሁን አንድ ጥሩ ፎቶ ካወጣ፣ ያ ፎቶ እንደ ደንቡ ከቅጹ ጋር ይያያዛል። ከተያያዘ ደግሞ ልጁ እሱን ይዞ እንዴት እንደሚፎክር ካሁኑ ይታየዋል።

«ተነሺ እታለም» አለ።

«ወዴት?»

«ወንበሩን ወደ መስኮቱ ልውሰደው ነው። ከግድግዳው ራቅ በይ። እንዲያ። ኧረ ገና ነው፣ ወደ እኔ አትዙሪ!»

ፍላሹን አጠፋ። የጠረጴዛውን ነጭ ጨርቅ ገፎ ብርሃኑ እንዲመለስላት ፊቷ ጥላ ባጠላበት በኩል ዘረጋው። ጥቁር ኮቱን አውልቆ ከጎኗ ባለ ሌላ ወንበር መደገፊያ ላይ ሰቀለ። ካሜራዋን መጀመሪያ ወደ ኮቱ አዙሮ ቁልፏን በግማሽ ተጫናት። ጥቁር ስታይ ቦታው ጨለማ መስሏት ብርሃኑን ትጨምራለች። ጣቱን ሳያነሣ ወደ ሴትዮዋ ፊት መለሳት።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። ግለጪ ስልሽ ትገልጫለሽ። አትንቀሳቀሺ።»

ተጫነ፤ ካሜራዋ ማሰብ ስትጀምር ጠብቆ «ግለጪ!» አለ።

ከማተሚያው የወጣውን ፎቶ ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። ግንባሯ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ ሳትቀር ትታያለች። ዓይኖቿ ነቅተዋል። ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ፣ ልክ ደንቡ እንደሚያዘው ነጭ ነው።

«ይሄን ያህል አላረጀሁም ለካ» አለች። እሱም ማኅተሙን መትቶ ሰጣትና «ሂጂ፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ» ብሎ ተቆጣት።

ሌላ ቅጂ አትሞ ከአሥራ አንዱ ጋር ቅጹ ላይ አያያዘ። እግር እንደሌላት፣ እንደማይቀመጡባትም ሞላ። በአስተያየት መስመሩ ላይ፦ «ካሜራዋ አትረባም። አሥራ ሁለተኛውን ፎቶ ያነሣሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ልጁ ቅጹን ሊወስድ መጣና እዚያው ቆሞ ሲያገላብጥ ከአሥራ ሁለቱ አንዷን መዘዘ። «ጋሼ! ይቺን ያነሣች ካሜራ ናት አትረባም የምትባለው?» እያለ ወደ ግዢ ኮሚቴው ሮጠ።

ደብዳቤው በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። ካሜራዋ ብቃት እንዳላት በአሥራ ሁለተኛው ፎቶ ተረጋግጧል ይላል። የቀሩት አሥራ አንዱ የተበላሹት በአያያዝ ጉድለት ስለሆነ ባለሙያው የጀማሪዎች የካሜራ አጠቃቀም ሥልጠና እንዲወስድ ተወስኗል።

አትንቀሳቀሱ ደብዳቤውን ጨምድዶ፣ ልጁን ሊያገኘው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። የሚለውን ሁሉ አዘጋጅቷል፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱን አንድ በአንድ ሊቆጥርለት ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሴትዮዋ ብቅ አለች። ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ባልዲዋንና የመጋዘን ቁልፏን ለማስረከብ ይዛ፣ አንድ እጇን መደገፊያው ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ትወርዳለች።

«ምነው ወንድሜ፣ ምን ሆነሃል?»

«ሥልጠና ግባ አሉኝ!»

«የምን ሥልጠና?»

«የፎቶ ነዋ!»

«እሰይ!» አለች፤ ባልዲዋን አስቀምጣ በሁለት እጇ እጁን ያዘችው። «የኔን ፎቶ አይተው ነው! ፋይሌን የተቀበለችው ልጅ እንኳ ማን ነው እንዲህ የሚያነሣው ብላ ጠይቃኛለች። አንድ ቀን ያዩልሃል ብዬ ነበር!»

አፉን ከፈተ። ያዘጋጀው ሁሉ ምላሱ ላይ ነበር። ሴትዮዋ እጁን እንደያዘች ሽቅብ ታየዋለች፤ እንዲህ ደስ ብሏት አይቷት አያውቅም።

«አዎ» አለ ባልዲዋን እያነሣላት። «ያንቺን ፎቶ አይተው ነው።»